ቅሬታ፦ በግማሽ ስለመጣው ባቡርና ስለተቆለፈው መጸዳጃ ቤት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ለንደን

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እናቴን ይዤ ከደቡብ ለንደን ወደ ሆስፒታል እየሄድኩ ነበር። እናቴ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ለልባቸው የታዘዘላቸውን የሚያሸና ኪኒን ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ። ስለዚህ ከቤት ስንወጣ መጀመሪያ የማስበው ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። አውቶቡስ ትተን በባቡር የምንሄደውም ለዚሁ ነው።

የጣቢያው ሰሌዳ ባለ 8 ፉርጎ ባቡር ይመጣል ይላል። የመጣው ባለ 4 ነው። ክላስ 377 የሚባለው የባቡር ዓይነት። ይህን ባቡር ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እወደዋለሁ። ደርቢ ከተማ ነው የተሠራው። በራቸው በእጅ ጓ ተደርጎ የሚዘጋውን አሮጌ ባቡሮች የተካው እሱ ነው። እናቴም በእነዚያኞቹ መሳፈር ባልቻሉ ነበር።

ግን ባለ 4ቱ ፉርጎ ለዊልቸር የሚበቃ መጸዳጃ ቤት ያለው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ባለ 4 ሲቀጣጠሉ ሁለት ይሆናል። እናንተ ባቡሩን በግማሽ ስትልኩ ወንበር ብቻ የቀነሳችሁ ይመስላችኋል። የእናቴን መጸዳጃ ቤትም አብራችሁ ቀንሳችኋል።

የቀረው አንዱ ደግሞ ተቆልፏል። በሩ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የፕላስተሩ ጫፍ ተጠቅልሎ አቧራ ይዟል። የዚያን ዕለት ጠዋት የተለጠፈ አይደለም።

መሃል ላይ ባቡሩ ለሲግናል ቆመ። ቆየ። እናቴ ምንም አላሉም። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠመዘዙ ሦስት ጊዜ «ደረስን?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ታጭቋል፣ ዞር እንኳ ማለት አይቻልም። ስንደርስ ዘግይቶብናል፤ ልብሳቸው ረጥቧል። ሐኪሙ ፊት የቀረቡት በእኔ ካፖርት ተሸፍነው ነው።

የመዘግየቱን ካሳ፣ የቲኬቱን 25 በመቶ፣ ልካችኋል። ደርሶኛል። ይህን የምጽፈው ግን ለገንዘቡ አይደለም።

ብሪታንያ ውስጥ የመንገደኛ ባቡሮች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ የተሰጠው ቀነ ገደብ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነበር። የተቆለፈ በር ምቹ የሚባለው በምን ሂሳብ ነው? ለዊልቸሩ መወጣጫውን (ራምፑን) የዘረጋልን ሠራተኛ መልካም ሰው ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱ መቆለፉን ግን እሱም አያውቅም። እኔ ደግሞ እርዳታ ከአንድ ቀን በፊት አስመዝግቤያለሁ። ስልኬ እናንተ ጋ አለ። አንድ ሰው ቢደውልልኝ ኖሮ ቀጣዩን ባቡር እንጠብቅ ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው። መጸዳጃ ቤቱ የተበላሸ ባቡር ለብቻው አይሰማራ፤ ከሌላ ጋር ይቀጣጠል። ካልተቻለም ከመሳፈራችን በፊት ይነገረን። በሩ ከመቼ ጀምሮ እንደተቆለፈም በጽሑፍ አሳውቁኝ። የባቡሩን ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን የተሳፋሪዎችን ቅሬታ በገለልተኝነት ወደሚያየው የባቡር ኦምቡድስማን እወስደዋለሁ።

የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር ተሳፋሪያችሁ