60ው ሰዓት ከፋይል ወጥቶ ክፍል ይግባ

ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በተለመደው አጠራሩ ተሙማ፣ በአገራችን ከተጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ማዕቀፉ እያንዳንዱ መምህርና የትምህርት ቤት አመራር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ያዛል። ትእዛዙ ተገቢ ነው፤ ሰዓቱ የት እንደሚውል ግን መነጋገር አለብን። በብዙ ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ እቅድ ይሞላል፣ ሰኔ ላይ ሪፖርት ከፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የመምህሩ የሥራ ማስረጃ ከሚቀመጥበት ፋይል ጋር ይያያዛል፣ በመሀል ያለው ማስተማር ሳይነካ ያልፋል። የአምናው እቅድ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ የሚቀርብበት ጊዜም አለ። ጥፋቱን መምህሩ ላይ መጣል አይገባም። የሚጠየቀው ፋይል ስለሆነ የሚያዘጋጀውም ፋይል ነው።

60 ሰዓት በ10 ወር ሲካፈል በወር 6 ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለዚህ አዳራሽ መከራየትም የውሎ አበል መክፈልም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ነጻ መሆናቸው ነው። ይህ ደግሞ የሚወሰነው የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲወጣ ነው፤ ድልድሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንዱን መምህር ለማንሳት አምስቱን ማናጋት ይመጣል። ስለዚህ ድልድል የሚያወጣው ምክትል ርዕሰ መምህር አስቀድሞ የጋራውን ሰዓት ይዝጋና ሌላውን በዙሪያው ይደልድል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱና የከሰዓቱ መምህራን የሚገናኙት በፈረቃ መለዋወጫው ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ያቺን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ማስረዘም ይቻላል።

በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ? ከሁሉ የሚበልጠው የተማሪዎችን ወረቀት ማየት ነው። የ5ኛ ክፍል ሒሳብን እንውሰድ። ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ውጤት ካገኙ ተማሪዎች 20 ወረቀት ይመረጥ። መምህራኑ ወረቀቶቹን በማርክ ሳይሆን በስህተቱ ዓይነት ይደርድሯቸው። «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ» ለሚለው ጥያቄ ሁለት አምስተኛ ብለው የመለሱት አንድ ክምር ይሆናሉ፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል። ሁለት ስድስተኛ ያሉት ሌላ ክምር ናቸው፤ የጋራ ታህት እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል፣ ላዕሉን ግን አብረው አላባዙም። ሦስተኛው ክምር ባዶ የተተወው ነው። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹ ክፍልፋይ ራሱን የቻለ መጠን መሆኑን ገና አላዩም። ወረቀት እያጠፉ ግማሽና ሲሶን ያስተያዩ፤ ከዚያ «ግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ መልስ መጣ?» ተብለው ይጠየቁ። የሁለተኛዎቹ ስህተት በጥቂት ምሳሌ ይታረማል። ባዶ የተዉትን ግን አስጠግቶ በቃል መጠየቅ ነው፤ ሒሳቡ ሳይሆን ጥያቄውን ማንበብ የከበደው ልጅ ሊገኝባቸው ይችላል። በሳምንቱ አምስት ጥያቄ ሰጥቶ ክምሮቹ መቀነሳቸውን ማየት ይቻላል። መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም እያልን በየእቅዱ ላይ የምንጽፈው ዑደት ይኸው ነው። በክልላችን በጸጥታው ችግር ትምህርት ተቋርጦባቸው የተመለሱ ልጆች በአንድ ክፍል የተለያየ ክፍተት ይዘው ስለሚቀመጡ፣ ይህ ሥራ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ይፈለጋል።

ሁለተኛው የክፍል ምልከታ ነው። ምልከታ የሚበላሸው በአብዛኛው ተመልካቹ ሃያና ሠላሳ መስፈርት ያለው ቅጽ ይዞ ሲገባ ነው፤ ሁሉንም ሊሞላ ሲሯሯጥ አንዱንም አያይም። ከክፍለ ጊዜው በፊት ለ10 ደቂቃ ተገናኝተው መምህሩ ራሱ «ይህን እይልኝ» የሚለውን አንድ ነገር ይምረጥ። ለምሳሌ የጥያቄ አጠያየቅ ከሆነ፣ ተመልካቹ የዴስኮቹን አቀማመጥ በአንድ ገጽ ላይ ይሣል፤ ተማሪ በተጠየቀ ቁጥር በቦታው ጭረት ያኑር፤ ያልተጠራ ሲመልስ ክብ ያድርግ። በ40 ደቂቃ መጨረሻ ጭረቱ ፊት ረድፍና መሀል ላይ ተከማችቶ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የኋላ ጥግ ባዶ ሆኖ ከታየ፣ ማንም መምህሩን መውቀስ አያስፈልገውም፤ ሥዕሉን ማሳየት ይበቃል። ከጥያቄ በኋላ ያለውን ዝምታም በሰዓት መያዝ ጥሩ ነው። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል ደግሞ የሚመልሱት ተማሪዎች እንደሚበዙና መልሳቸውም እንደሚረዝም በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። የኋላው ውይይት በዚያው ቀን ይሁን፣ ከ20 ደቂቃም አይለፍ፤ ቅድሚያ የሚናገረው ያስተማረው ይሁን።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መጠበቅ አለበት። የዚህ ምልከታ ማስታወሻ ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና ፋይል መግባት የለበትም። የገባ ዕለት መምህሩ ያስተማረውን ርዕስ ደግሞ ያቀርባል፣ ተማሪዎቹም መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፣ ተመልካቹ ያማረ ክፍለ ጊዜ አይቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚታረም ነገር የለም።

አዲስ ለተቀጠሩ መምህራን የሁለት ዓመት የኢንዳክሽን፣ ማለትም የሙያ ትውውቅ ጊዜና አማካሪ መምህር ተደንግጎላቸዋል። በተግባር ግን አማካሪው የሚመደበው ስሙ ብቻ ነው። አማካሪው ከመደበኛ ክፍለ ጊዜው ቢያንስ ሁለቱ ካልተቀነሱለትና ከጀማሪው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ካላስተማረ ምክሩ «አይዞህ» ከማለት አያልፍም።

ወደ ርዕሳነ መምህራን እንምጣ። ቀናቸው በስብሰባ፣ በሪፖርት፣ በግንባታና በኅብረተሰብ መዋጮ ያልቃል፤ የማስተማር አመራር የሚባለው ለተረፈ ሰዓት ይቀራል፣ ሰዓት ደግሞ አይተርፍም። 20 መምህራን ባሉበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩና ምክትሉ በሳምንት ሁለት ሁለት ክፍል ቢገቡ፣ እያንዳንዱ መምህር በየአምስት ሳምንቱ ይታያል። በወሰነ ትምህርት ከሦስት ጊዜ ያላነሰ ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ከተማ አስተዳደሩና ወረዳዎቹ በሳምንት ሁለት ጠዋት ርዕሰ መምህር ለስብሰባ የማይጠራባቸው አድርገው ማወጅ ይችላሉ፤ በጀት አይጠይቅም።

የጣና ዳርቻና የደሴት ትምህርት ቤቶች የራሳቸው እቅድ ይገባቸዋል። ደቅ ደሴት ላይ የሚያስተምር መምህር ለግማሽ ቀን ስብሰባ ባሕር ዳር ሲጠራ ጀልባ ጠብቆ ይመጣል፣ ጀልባ ጠብቆ ይመለሳል፤ ያን ያህል ቀን ልጆቹ ያለ መምህር ይውላሉ። መሄድ ያለበት በአንድ ጉድኝት የተሰባሰቡ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚደግፈው የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ነው፤ ሄዶም ሁለት ሌሊት አድሮ በርካታ ክፍሎችን አይቶ፣ ከመምህራኑ ጋር ወረቀት ደርድሮ ይመለስ። ለትምህርቱ ብቸኛ የሆነ መምህር ደግሞ ማዶ ካለ የሙያ ባልደረባው ጋር በስልክ ይጣመር፤ የፈተና ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ኔትወርክ ሲገኝ መላክ አያቅትም። በፎገራ በኩል ምልከታን ከሩዝ አጨዳው ሳምንታት ማራቅ ይሻላል። ግማሹ ተማሪ ማሳ ላይ በዋለበት ቀን የተሣለ የዴስክ ሥዕል ያሳስታል።

ከተማችን ለዚህ የሚሆን አቅም አላት። ዛሬ ፔዳ የምንለው ግቢ በ1960ዎቹ አጋማሽ ፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ሥራ የጀመረ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። ለልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራን ክፍሉን ከለመዱ በኋላ የሚያስተምሩበት ሰዓት፣ ባለ ክፍሉ መምህር ጎረቤት ክፍል ገብቶ የሚያይበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለዚህ በትምህርት ቤቱና በዩኒቨርሲቲው መካከል የአንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል።

የትምህርት መምሪያውን የምንጠይቀው ከሱፐርቪዥን ቅጹ ላይ «ፖርትፎሊዮ አለው ወይ?» የሚለውን ሰርዞ በምትኩ ሦስት ጥያቄ እንዲያስገባ ነው፤ በዚህ ወሰነ ትምህርት የትኛውን የተማሪዎች ስህተት መረጣችሁ? ምን ለወጣችሁ? የመጀመሪያውና የኋለኛው ወረቀት የት አለ?

ከጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች
ባሕር ዳር