ቀይ ቀበሮን ለማዳን ውሻ እንከትብ፦ ለግብርና ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህ ደብዳቤ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሳይሆን ለእርስዎ የጻፍኩት አድራሻ ተሳስቼ አይደለም። ቀበሮዋን በየጊዜው የሚፈጃት በሽታ የሚመጣው ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ ደጅ፣ ከውሻው ነው። የውሻ ጤና ደግሞ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

ዓለም ስለ ሽንትርትሩ የእስያ ነብር መጥፋት ብዙ ያወራል። ቢያወራም አይፈረድበትም፤ በዱር የቀረው ከ5,500 ብዙም አይበልጥም። የእኛ ቀይ ቀበሮ ግን ለአቅመ መውለድ የደረሱት ብቻ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላዩ ያሉት ባሌ ነው። የቀሩት በስሜን፣ በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ተራሮች ተበታትነዋል። ጎጃም ጮቄ ላይ ዘሯ ጠፍቷል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። ለክፉ ቀን ብሎ በመካነ እንስሳት የሚያረባትም የለም።

በሽታው እንዴት እንደሚደርስባት የባሌ ሰው ያውቀዋል። አርቢው ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ በየወቅቱ ከብቱን ወደ ደጋው ሲያወጣ ውሻውም ይከተላል። ጅብና ነብር ባለበት አገር ያለ ውሻ ከብት ማሳደር አይታሰብም፤ ስለዚህ አርቢውን አልወቅስም። ችግሩ ውሻው ጠግቦ አለማደሩ ነው። የሚበላ ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ከቀበሮዋ ጋር ይገናኛል። ቀበሮዋ ፍልፈልና አይጥ የምታድነው ለብቻዋ ቢሆንም የምትኖረው ከቤተሰቧ ጋር ነው። ተገናኝተው ይላላሳሉ፣ ይላፋሉ። አንዷ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛት የቀሩትም አይተርፉም።

ይህ ግምት አይደለም፤ ደጋግሞ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 ባሌ ላይ ብዙ ቀበሮ አለቀ። በ2003 ወረርሽኙ እንደገና ተነሳና በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛውን እጅ ያህል ጨረሰ። ያኔ ባለሙያዎች ሸለቆውን ከሌላው ደጋ በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ። በሽታው ወደ ቀሪው የባሌ ደጋ እንዳይዛመት ያደረገው ይህ ነበር። ግን በ2008 ተመለሰ። በ2014ም ተመለሰ። በመካከሉ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ገብቶ ግልገሎቹን ጭምር ጨረሰ። ይኸው ዲስቴምፐር በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ነብሮችንም ገድሏል።

ታዲያ እስከ ዛሬ ውሻውን ሲከትብ የኖረው ማነው? በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ጀምሯል። ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ገንዘቡ በአብዛኛው የውጭ ለጋሾች ገንዘብ ነው። ለጋሽ ደግሞ ይደክመዋል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ሌላ አገር ሌላ እንስሳ ያገኛል። በዓለም ላይ እኛ ጋ ብቻ ያለችውን እንስሳ ዕጣ በሰው ኪስ ላይ ማንጠልጠል፣ በበኩሌ፣ ያሳፍረኛል።

ለውሻ ብሎ በጀት በዚህ ኑሮ፣ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን የእብድ ውሻ በሽታ የቀበሮ ብቻ ችግር መች ሆነ? በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል። ከውሻ ንክሻ የሚይዘው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ያህል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከሚነከሱት ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ከውሾቹ ከመቶ ሰባው ከተከተቡና ክትባቱ በየጊዜው ከታደሰ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ለአንድ ውሻ ክትባት የሚወጣው ብር ለተነከሰ ሰው ሕክምና ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ውሾችን መርዝ አብልቶ መጨረስም መፍትሔ አይሆንም፤ ባዶውን ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይሞሉታል።

አይቻልም የሚለኝ ካለ ደስታን ላስታውሰው። የከብቱን በሽታ ማለቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀውን። ኢትዮጵያ የዚያ ሥራ ትልቅ ተካፋይ ነበረች። መኪና የማይደርስበት የአፋር በረሃ ላይ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው ከብት ከትበዋል። ያንን የሠራ የእንስሳት ጤና መዋቅር ዲንሾና ጎባ ላይ ውሻ መከተብ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ቢሾፍቱ ላይ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጭምር የከብት ክትባት የሚያመርት ተቋም ያለን ሰዎች ነን።

ሕንድም ነብሯን ለበጎ አድራጊ ብቻ አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ1973 መንግሥት ራሱ ፕሮጀክት ጀመረ፣ በጀት መደበ። በ2006 ወደ 1,411 ወርዶ የነበረው የነብር ግምት በ2022 3,682 ደርሷል። እርግጥ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፤ ነብር የሚገድለው ሰው አለ፣ ነብር የሚገድል አዳኝም አለ። ሆኖም ሥራው የማን እንደሆነ አያከራክርም።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ባለባቸው ደጋዎች ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የውሻ ክትባት ቋሚ የበጀት መደብ ይኑረው። የወረዳው ባለሙያ ከብት ሊከትብ ሲወጣ በዚያው የበረዶ ሳጥን የውሻውንም ይዞ ይውጣ። ባሌ ላይ ይህ ከብቱ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት ይለቅ፤ ከወጣ በኋላ ውሻ እያሳደዱ መከተብ ድካም ነው። የጤና ሚኒስቴርም ከወጪው ይካፈል፣ ጥቅሙ የእሱም ነውና። በየወረዳው ስንት ውሻ እንደተከተበ ደግሞ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ያን ጊዜ ከመቶ ሰባ መድረስ አለመድረሳችንን ሁላችንም እናያለን።

የባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ባለሥልጣናቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ብለውናል። በደስታው ጊዜ የነበረው ትብብር ለክትባቱም ቢኖር ጥሩ ነው።

ከእርስዎ የመልስ ደብዳቤ አልጠብቅም። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጸድቅ የውሻ ክትባት የሚል መስመር እንዳለበት ግን እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር