ሥዕሎቹን ላዋሳችሁንና ለጠበቃችሁልን ሁሉ

በምግብና ወይን ፌስቲቫሉ ላይ በትዕዛዝ የተሠሩት ሥዕሎች ለእይታ እንዲበቁ የደከማችሁ ሁሉ፣ ከሠዓሊውና ከዝግጅት ቡድኑ ከልብ የመነጨ ምስጋና ይድረሳችሁ። ሥዕሎቹ አንዳችም ጭረት ሳይነካቸው ወደየባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ይህ የሆነው ዓይን የማይገባ ሥራ በጥንቃቄ ስለሠራችሁ ነውና ውለታችሁን በየሥራችሁ ለይተን ልንጠራው ወደድን።

ባለቤቶቹ ትቀድማላችሁ። ለአንድ ቤት ግድግዳ ተለክቶ የተሠራን ሥዕል ጭስ፣ ነፋስና ሙሉ ብርጭቆ የያዘ ሕዝብ ወዳለበት ድንኳን መላክ ቀላል እምነት አይደለም። የውሰት ውሉን ስትፈርሙ የእያንዳንዱን ሥዕል ፊት፣ ጀርባና አራቱን ማዕዘኖች ፎቶ እስክናነሳ ታገሳችሁን። ያ ፎቶ ከሌለ የቆየውን ጭረት ከአዲሱ የሚለይ ማስረጃ የለም። ትልቁን የዘይት ቀለም ሥዕል ያለ ቫርኒሽ (ቀለሙን ከላይ የሚሸፍን ግልጽ ቅብ) እንዲቀርብ የፈቀዳችሁትንም እናመሰግናለን። ወፍራም የዘይት ቀለም ላዩ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው፤ በተለመደው አሠራር ቫርኒሽ የሚቀባው ከ6 እስከ 12 ወር ከቆየ በኋላ ነው።

አጓጓዦች፣ አየር የያዘውን ላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ ስላላሳረፋችሁት ክበሩልን። አክሬሊክ የሚባለው ቀለም ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ የላስቲኩ ክብ ክብ ምልክት ከታተመበት አይለቅም። መሃል የገባው ለስላሳ የማይጣበቅ ወረቀት ነው ያዳነን። ሥዕሎቹን ሳታጋድሙ አቁማችሁ፣ ፊት ለፊት ጀርባ ለጀርባ መደርደራችሁም እንዲሁ።

ድንኳን ተካዮች፣ ለ3 በ3 ሜትሩ ድንኳን በየእግሩ 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን አስራችሁ ነበር። ሥዕል የሚሰቀልበት ሰሌዳ ሲገባ ግን ድንኳኑ ነፋስ እንደሚቀበል ሸራ ይሆናልና ሳትነገሩ ሁለተኛ ጀሪካን ጨመራችሁ። ሰሌዳዎቹን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሳታስደግፉ፣ እርስ በርስ አያይዛችሁ በዚግዛግ ማቆማችሁ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ድንኳኑ ሲወዛወዝ ሥዕሉ አልተወዛወዘም።

አዘጋጆች፣ ከጥብስ ምድጃው ነፋስ ወደማይነፍስበት ወገን ስላዛወራችሁን ትመሰገናላችሁ። ጭሱ የሚሸከመው ስብ ሥዕል ላይ ያርፍና አቧራ ይይዛል፤ በውኃም አይለቅም።

አስተናጋጆች፣ የእናንተ ውለታ ይለያል። ብርጭቆ ማስቀመጫ ያጣ ሰው የሚያሳርፈው ፍሬም ላይ ነው፤ ይህን አውቃችሁ ጠረጴዛዎቹን ከሥዕሎቹ 2 ሜትር አርቃችሁ ደረደራችሁ። ቀይ ወይን በረጨ ጊዜም እጃችሁ ወደ ሳሙና አልሄደም። የቀይ ወይን ቀለም በአሲድ ቀይ ነው፤ ሳሙና ሲነካው ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይዞራል፣ ሳሙናውም በቀለሙ ስንጥቅ ይገባል። የደረቀ ጥጥ ጨርቅ ጫፉን ብቻ ጠብታው ላይ አሳረፋችሁ፣ ሳታሹ መጠጠ። ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ እምብዛም ያልረጠበ ጥጥ ተንከባለለበት፣ በየንክኪው እየተቀየረ። ይህ የሚሠራው ግን ያ ሥዕል ቫርኒሽ የተቀባ ስለነበር ነው። ቫርኒሽ በሌለው ላይ ቢረጭ መምጠጥ ብቻ፣ የቀረው ለጥገና ባለሙያ ነው። እርጥብ ሶፍት በየትኛውም ላይ አይነካም።

የመብራት ሠራተኛውንም አንረሳም። አምፖሉን ከላይ ወደ 30 ዲግሪ ስላዘነበለው ቫርኒሹ አላንጸባረቀም፤ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ታየ።

ባለቤቶች ሆይ፣ ሸራው ትንሽ ላልቶ ካገኛችሁት የእርጥበት ለውጥ ነው። ለጥቂት ቀናት ከፀሐይና ከማሞቂያ ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ ይቆይ። ከጀርባ ያሉትን የእንጨት ሽብልቆች አትምቱ፤ ካልተስተካከለ መጥተን እንወጥረዋለን።

አክባሪዎቻችሁ
ሠዓሊውና የዝግጅት ቡድኑ