ሐረጎ ላይ ብስክሌቱም ሞተር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ገበያ "ኤሌክትሪክ" እየተባለ የሚሸጠው ባለሁለት ጎማ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። አንዱ ፔዳል ያለው፣ 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብስክሌት ነው። ሌላው ፔዳል የለውም፤ ስድስት ባትሪ ተሸክሞ ከመቶ ኪሎ የሚያልፍ ሞተር ነው። በሁለቱ መሐል ደግሞ ፔዳሉ ለስሙ ያህል የተገጠመለት ብዙ ዓይነት አለ። ገዢው "ብስክሌት ገዛሁ" ይላል፣ ጠጋኙ እንደ ሞተር ይፈታዋል፣ ትራፊኩም በየትኛው ሕግ እንደሚያየው ግራ ይገባዋል። እኛ ሁለቱንም ስለምንጠግን ይህ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በተለይ ሐረጎ በሚባለው ቁልቁለት፣ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስህተት ነው።

ሁለቱን የሚለየው ፔዳሉ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ጦሳ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል ወይም ይወጣል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሜዳ ላይ ዓመታት የሚያገለግል ብስክሌት እዚህ አንድ ክረምት ሳይሞላው ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለሌላ አገር መንገድ ተሠርቶ ነው።

ስሌቱን እናስቀምጠው። ነጂው፣ ከኋላ የተጫነው ሰው ወይም ዕቃ እና ብስክሌቱ ተደምረው 150 ኪሎ ቢሆኑ፣ ይህን ክብደት 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 245 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ሁሉ ጎማ ላይ አይደርስም፤ ሩቡ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ከባትሪው የሚጠየቀው 330 ያህል ነው። የአስፋልቱና የንፋሱ ድርሻ ሲጨመርበት 450 ይጠጋል። ባለ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ አዲስ ሆኖ የሚይዘው 480 ዋት ሰዓት ነው። ከኮምቦልቻ ሞልቶ የተነሳ ሰው ደሴ ሲገባ ባትሪው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ባለ 36 ቮልቱ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። ፔዳል ያለው ሰው ዕድለኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ በመጠኑ ቢረግጥ ከመቶ ዋት ሰዓት በላይ ከራሱ ጉልበት ያዋጣል፤ ባትሪውን የሚያድነውም ይህ ነው። ፔዳሉን ረስቶ እጀታውን ብቻ ጠምዝዞ የሚወጣ ሰው ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሞተረኛ ነው፤ የሞተረኛ ሞተር ግን የለውም።

የሞተሩ ጉዳይ ከባትሪውም ይከፋል። በመቶ ሜትር 6 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ ይህን 150 ኪሎ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለማስወጣት ጎማው ላይ 680 ዋት ያህል ይፈለጋል፤ በ15 ለማስወጣት 410። በ250 ዋት የተሠራ ሞተር ይህን ለደቂቃዎች ይችል ይሆናል፤ ለግማሽ ሰዓት ግን አይችልም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚገባው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። መጀመሪያ የሚሄደው የመዞሪያውን ቦታ ለኮንትሮለሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ለሚመጥነው ሳጥን፣ የሚነግረው ትንሹ ሴንሰር ነው፤ ያኔ ብስክሌቱ ይንዘፈዘፋል፣ ይቆራረጣል። ቀጥሎ ወፍራሞቹ ሦስት ሽቦዎች ልባሳቸው ይቀልጥና እርስ በርስ ይነካካሉ። መለኪያው ቀላል ነው። ዳገት ላይ ፍጥነትዎ ሜዳ ላይ ከሚደርሱበት ከግማሽ በታች ከወረደ ፔዳል ይርገጡ፣ ካልሆነም ይውረዱና ይግፉ። ሲቆሙ መዳፍዎን ሞተሩ ላይ ያድርጉ፤ ማቆየት ካልቻሉ እስኪበርድ ይጠብቁ። ባትሪውንም እንዲሁ ትኩስ እንዳለ ቻርጅ አያድርጉት፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። የነዳጅ ሞተር የለመደ ሰው ሐረጎን ሲወርድ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይይዛል፤ ሞተሩ ራሱ ይጎትተዋል፣ ፍሬኑ ያርፋል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ማርሽ ይህን አይሠራም። ጎማው ውስጥ ያለው ሞተር የውስጥ ጥርስ ያለው ከሆነ ወደፊት በነፃ ይዞራል፤ ምንም አይዝም። ያ ሁሉ የከፍታ ጉልበት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት፣ ንፋሱና ጎማው ከሚወስዱት በቀር ሁለት ቀጫጭን ዲስኮች ላይ ይወርዳል። የብስክሌት ዲስክ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 160 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውፍረቱም ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ። የፍሬን ሸራው ሲግል ይጠነክርና ያብለጨልጫል፤ ፍሬኑን ቢጨምቁትም አይይዝም። ሲበርድ የሚመለስ ስለሚመስል ብዙ ሰው ምንም እንዳልሆነ ይቆጥረዋል። የተቃጠለ ሸራ ግን ተመልሶ የቀድሞውን ያህል አይዝም፤ መቀየር አለበት።

ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍጥነትን መቀነስ፣ ፍሬኑን ሳያቋርጡ በስሱ ከመያዝ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን አብሮ መጠቀም፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቆሞ ማብረድ። በሽቦ የሚጎተት ፍሬን ያለው ሰው ደግሞ ከጉዞ በፊት እጀታው መሪው እስኪነካ የሚገባ መሆኑን ይይ። የሚነካ ከሆነ ሽቦው ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል፤ እንዲህ ሆኖ ሐረጎን መውረድ አይገባም።

ጥርስ የሌለው፣ ቀጥታ የሚዞር ትልቅ ሞተር ያለው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን የሚሞላና የሚይዝ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮለሩ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ትልቅ በረከት ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የደሴ ሰው ማታ ቻርጅ ሰክቶ አድሮ፣ ጠዋት መቶ በመቶ በሞላ ባትሪ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ የባትሪው መከላከያ ይዘጋል፣ ሲይዝ የነበረው ሞተርም በድንገት ይለቃል፤ ያውም ኩርባ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከደሴ የሚወርድ ባትሪውን ከ85 እስከ 90 በመቶ ይሙላ። ከኮምቦልቻ የሚወጣ እስከ ጫፍ ይሙላ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ ሆነው ቻርጅ አደራረጋቸው የተለያየ ነው፤ ይህን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አልገጠመንም።

ከፍሬን ሳንወጣ ለሞተር ጠጋኞች የምንለው አለ። የሞተር ፍሬን ዘይት ዶት 4 ነው። ብዙዎቹ የብስክሌት ዘይት ፍሬኖች፣ ሺማኖና ቴክትሮ ጭምር፣ የሚሠሩት ግን በማዕድን ዘይት ነው። "ዘይት ጎድሎታል" ተብሎ ዶት 4 ሲጨመርበት ፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ያብጣሉ፤ ፍሬኑ ለጥቂት ቀን ይሠራና ወይ ይጣበቃል ወይ ማፍሰስ ይጀምራል። እጀታው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ዘይት መጨመር አይገባም። ሌላው፣ ከፍሬን እጀታው የሚወጡትን ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ለኮንትሮለሩ ሳያገናኙ መተው የተለመደ ነው። እነሱ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፉ ናቸው። ሳይገናኙ ከቀሩ ነጂው ፍሬን እየያዘ ሞተሩ ይጎትተዋል። መሞከሪያው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የኋላውን ጎማ አንሥቶ የፍጥነት እጀታውን ትንሽ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ፍሬኑን መንካት ነው። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።

ሁለቱ የሚጋሯቸው ነገሮች ማደናገራቸው አይቀርም። የመሪው ቱቦ በሁለቱም 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሞተር መስታወትና የፍሬን እጀታ ብስክሌት ላይ ይገጥማል፣ ይህም መልካም ነው። ካቴናው በሁለቱም በጥርስና በጥርስ መሐል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሞተር 428 ካቴና ግን በጣም ሰፊ ስለሆነ የብስክሌት ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ጎማ መፍታት ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚሠራው። የነዳጅ ሞተር የጎማ ዘንግ ተሸካሚ ብቻ ነው፤ የሚዞረው ጎማው ነው። ጎማው ውስጥ ሞተር ያለበት ብስክሌት ዘንጉ ራሱ የሞተሩን ጉልበት ይቀበላል፤ ጎማውን ወደፊት በገፋ ቁጥር ዘንጉ ወደኋላ ሊዞር ይታገላል። የሚይዘው ሁለቱ ጠፍጣፋ ጎኖቹና ምላስ ያለው ሮንዴላ ናቸው። ጎሚስታው ካላማዳሪ ሊለጥፍ ይፈታና ሮንዴላውን ገልብጦ ወይም ረስቶ ዳዶውን ብቻ ያጠብቃል። በሚቀጥለው ዳገት ዘንጉ ይዞራል፣ ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይበጥሳል፣ ጎማውም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከ500 ዋት በላይ የሆነ ሁሉ ዘንጉን ከሻሲው ጋር የሚያስር የብረት ክንድ ይገጠምለት። ሹካው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ኃይል ያስፈልገዋል።

ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ለሚዞሩትም ሦስት ነገር እንበል። መጀመሪያ፣ ሪዘርቭ የለም። ዳገት ላይ ባትሪው "አለቀ" ብሎ ጠፍቶ ሲያርፉ ተመልሶ ይነሳል፤ ያ ትርፍ ኃይል አይደለም፣ ጭነት ሲቀንስ ቮልቴጁ ቀና ማለቱ ነው። ሁለተኛ፣ 72 ቮልት የሚባለው ሞተር አብዛኛው ስድስት ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪ ነው። ስድስቱ የሚሠሩት በደካማው ልክ ነው። ሞተሩ ርቀቱ ከቀነሰ ሁሉንም መቀየር አያስፈልግም ይሆናል፤ ጭነት ላይ እያለ አንድ በአንድ በቴስተር ይለኩ። ከ10.5 ቮልት በታች የሚወድቀው እሱ ነው። የሊድ ባትሪ ባዶውን አድሮ አይቆይም፤ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ይዘጋሉ፣ ስለዚህ በገቡበት ቀን ይሰኩት። ሦስተኛውና አደገኛው ቻርጀር ነው። የ48 ቮልት ሊድ ቻርጀር 58 ቮልት አልፎ ይሰጣል፤ እሱም 48 ቮልት የሚባለው ባለ 13 ረድፍ ሴል የሊቲየም ባትሪ የሚፈልገው ግን 54.6 ብቻ ነው። መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ የጎረቤትን ቻርጀር መሰካት የእሳት መንስኤ ነው። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ በምንም ምክንያት አይሰካ፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥም አይደር።

ስለ ሄልሜት ብዙ አንልም። አውሮፓ ውስጥ የብስክሌት ሄልሜት የሚፈተነው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ግጭት ነው። ሐረጎ ላይ 50 የሚሮጥ ሰው፣ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከሚወጡና ከሚገቡ ከባድ መኪኖች ጎን ለጎን፣ የሞተር ሄልሜት ያድርግ። ፔዳል አለው የለውም ለአስፋልቱ ልዩነት የለውም።

የሁለቱም ከተሞች ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ቢያዩልን እንወዳለን። የአውሮፓ ኅብረት መንገዱን አሳይቷል። እስከ 250 ዋት የሆነና የሞተሩ ዕርዳታ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚቆም ብስክሌት ይባላል፤ እስከ 45 የሚሮጠው ታርጋ ያለበት ሞተር ነው። ለእኛ ከተሞች ደግሞ ዳገቱ ቢጨመርበት፣ ማለትም ሻጩ ደረሰኙ ላይ የሞተሩን ዋት፣ የባትሪውን ቮልትና አምፔር ሰዓት፣ የቻርጀሩን መውጫ ቮልት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱንና የሚፈቀደውን ጭነት እንዲጽፍ ቢገደድ፣ ጠጋኙም ትራፊኩም ገዢውም አንድ ወረቀት ላይ ያነባሉ። ያ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ሻጩን በቃል ይጠይቁት፤ የማያውቅ ከሆነ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ከአክብሮት ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የሞተርና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ጠጋኞች