ለሙዚቃና ቴአትር ክበብ መምህራን፦ ስለ ክራር መቃኘት

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ መምህራን።

ከደጀን እስከ ዳንግላ ክበባት ለወላጆች በዓል ሲዘጋጁ ልምምዱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ዜማው ሳይሆን ያልተቃኘ ክራር ነው። ተማሪው ልክ ባልሆነ ድምፅ ከለመደ ጆሮውን መመለስ አድካሚ ነው።

ከአገራችን ቅኝቶች አንዱ በሆነው በትዝታ ሜጀር ጀምሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው ክር የላይኛው ዶ ነው። መጀመሪያ ዶን ከኪቦርድ ወይም ከስልክ መቃኛ ውሰዱ። ቀጥሎ ሶልን፤ ከዶ ጋር አብሮ ሲመታ መስማማቱ ለጀማሪ ጆሮ ግልጽ ነው። ሌሎቹ ይከተላሉ። አንዱን ክር እስከ መጨረሻው ወጥሮ ወደ ሌላው መሄድ አያዋጣም፤ አዲሱ ውጥረት ቀንበሩን (ክሮቹ የታሰሩበትን የላይኛውን እንጨት) ስለሚስበው ቀድሞ የተቃኘው ይረግባል። ሁሉንም በግምት አንሱና ሁለት ሦስት ዙር አስተካክሉ።

ከዚያ ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ አጠገቡ እስካለው ቁልፍ) ዝቅ አድርጉ፤ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለት ክር ሲነካ ስሜቱ ሁሉ እንዴት እንደሚለወጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይስሙት፤ ስለ ቅኝት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

አዲስ የናይለን ክር ይለጠጣል፤ በትርኢቱ ዋዜማ አትቀይሩ። በክረምት ቆዳው እርጥበት ስቦ ሲላላ እሳት ዳር አታስጠጉት፣ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ክፍል ውስጥ ስቀሉት።

ድምፃቸው እየጎረነነ ያሉ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ወንዶች ከፍ ያለውን ዜማ በጩኸት እንዲያወጡ አታስገድዱ፤ ዶን ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙላቸው።