ልጄ፣ ዝም እንዳትል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ማርቆስ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። በስልክ ግን «እሺ እማዬ» ትለኝና ወሬ ትቀይራለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍሁልህ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንብበው።

ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። እንዳትቆጣት፤ ያስለፈለፍኋት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤታችሁ ከ45 ዓመት በላይ የሆናችሁትን ወንዶች ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ ሲልክ ሁሉም ሄደው አንተ «ሥራ በዝቶብኛል» ብለህ ቀርተሃል። ፕሮስቴት ማለት ከፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ ነው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሣለህ። ስትጠይቅህ «ማታ ውሃ ጠጥቼ ነው» ትላታለህ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። አባትህም እንዲሁ ነበር የሚለኝ።

እንዲህ እያደረግህ ደግሞ ለሽማግሌው ዘመዳችን ለአያ ብር ልከሃል። «አዲስ አበባ መጥተው ሙሉ ምርመራ ያድርጉ፤ ፕሮስቴታቸውም ይታይ» ብለሃል። ብሩን አልሰጠኋቸውም። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ። የ79 ዓመት ሽማግሌ የዓባይን በረሃ አቋርጠው ይምጡ ትላለህ። አንተ ግን ከቢሮህ ሁለት ፎቅ ወርደህ ደም መስጠት አቃተህ።

ልጄ፣ ዝም እንዳትል። አባትህን ዝምታ ነው የወሰደብን። የእሱም ዝምታ፣ የእኔም ዝምታ።

ወገቡን ማለት የጀመረው 2000 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወገቡን ይዞ መደቡ ላይ ይቀመጣል። እኔ «ብርድ ነው» አልሁት። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ሰጠሁት። ሲብስበት መርፌ ወጋሁት። አምስት ወር ሙሉ በገዛ እጄ። እኔ እኮ ነርስ ነኝ። 31 ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። የስንቱን ሰው ሽንት አስመርምሬያለሁ፤ የባሌን ግን አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን የምጠርግለት እኔ ነበርሁ። ያን ጥቁር የቆዳ ጫማውን ታስታውሰዋለህ። ጫፉ ላይ ነጭ ነጭ ጠብታ ደርቆ አገኝ ነበር። የጠዋት ጤዛ መስሎኝ እወለውለዋለሁ። ሽንቱ ኃይል አጥቶ ጫማው ላይ ይንጠባጠብ እንደነበረ የገባኝ ከረፈደ ነው። ስንት ቅዳሜ ያን ጠብታ ጠረግሁ! እስካሁን ሌሊት ይታየኛል።

የካቲት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ሄድሁ። አንተ ያኔ ለሥራ ድሬዳዋ ነበርህ። ደጀን ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደና ጉዳዩን ጨርሶ ተመለሰ። አባትህ ጋቢውን እንደለበሰ ከመኪናው ኋላ ቀረ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ወርጄ ሄድሁ። አንድ እጁን መኪናው ላይ ደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነው። «ሂጂ፣ እመጣለሁ» አለኝ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እንዲሁ ሆኖ የዓባይን በረሃ ወረደ፤ እንዲሁ ሆኖ ወጣ። በየጠመዝማዛው ሆዱን በሁለት እጁ ይይዛል። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ነው «ከትናንት ጀምሮ ጠብ አላለልኝም» ያለኝ።

ሆስፒታል በቱቦ ሲቀዱለት ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ከዚያ ደሙ ታየ። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ፕሮስቴት የሚሠራው ፕሮቲን ወደ ደም ሲገባ የሚለካበት ነው። በተለምዶ ከ4 በታች ሲሆን ደህና ይባላል። የእሱ ከ100 በላይ ነበር። አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያ እኔ በዳይክሎፌናክ ሳስታግሰው የነበረው ወገብ ካንሰር ነበር።

አሁን የምነግርህን ለእህቶችህም ነግሬ አላውቅም። ያኔ «የቡአ ኦፕራሲዮን ነው» ያልናችሁ ቡአ አልነበረም። የዘር ፍሬውን ነው ያወጡለት። ይህ ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው፤ ምንጩ ሲቋረጥ ይዳከማል። ሐኪሞች ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያውቁት ሕክምና ነው። አባትህ ሦስት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ለልጆቹ ቡአ በያቸው» አለኝ። እሺ አልሁት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ቀለለለት፤ ያለ ማስታገሻ ተኛ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ኖረ። የታናሽ እህትህን ሰርግ አየ። እስክስታ ሲወርድ የተነሣው ፎቶ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል። 2002 ሐምሌ ላይ ሲያርፍ 63 ዓመቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ዘመን የደበቅሁህ ቃል ስለገባሁለት ነው። አሁን ግን አንተ 49 ሆነሃል። ቃሌን አፍርሻለሁ፤ እሱም ይቅር ይለኛል።

ከዚያ በኋላ እኔ ያገኘሁትን ወንድ ሁሉ «ተመርመር» እያልሁ መጨቅጨቅ ያዝሁ። የወፍጮ ቤቱን ጋሼን ታስታውሳቸዋለህ። 74 ዓመታቸው ነበር፤ ምንም አላመማቸውም። እኔ ነኝ ወትውቼ የላክኋቸው። ውጤቱ 6 ምናምን ሆነ። ናሙና በመርፌ ወሰዱ፤ ትንሽ ካንሰር ተገኘ። ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ «እንቁረጠው» ሲሏቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሽንታቸው አልቆም አለ። ጨርቅ ታጥቀው ነበር የሚውሉት። እኒያ ኪዳን የማይቀርባቸው ሰው ቤተ ክርስቲያን መግባት ተዉ። ውጭ፣ ከቅጥሩ በር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያስቀድሳሉ። ባየኋቸው ቁጥር «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» ይሉኛል። አንጀቴን ይበሉታል። ያ ትንሽ ካንሰር ምናልባት ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳያደርጋቸው ይኖር ነበር።

ያኔ ነው ማንበብ የጀመርሁት። ነገሩ እኔ እንዳሰብሁት አይደለም። በአውሮፓ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችን ይዘው 23 ዓመት ያህል ተከታትለዋል። ለምርመራ ከተጠሩት መካከል በዚህ ካንሰር የሞተው ሰው ካልተጠሩት በ13 በመቶ ያንሳል። ይህ ቀላል አይደለም። ግን ሒሳቡን እየው። አንድ ሰው ከዚህ ሞት እንዲተርፍ 456 ሰው መጠራት አለበት። ለዚያ አንድ ሰው 12 ተጨማሪ ሰዎች «ካንሰር አለባችሁ» ይባላሉ። ከእነሱ አንዱ አባትህ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ጋሼ ናቸው።

አሜሪካኖችም ሲወዛገቡ ነው የኖሩት። መመሪያ የሚያወጡት ባለሙያዎቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. «ለማንም አንመክርም» አሉ። በ2018 አሻሻሉትና ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ራሱ ይወስን፣ ከ70 በላይ ግን አይመርመር አሉ። በ70 ዓመት የሚገኘው ብዙው ካንሰር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ሰውየው በሌላ ነገር እስኪሞት ይጠብቀዋል። የሕክምናው ጉዳት ግን አይጠብቅም፤ ሽንት አለመቆጣጠርና የወንድነት መድከም ወዲያው ይመጣል።

ስለዚህ አያን ተዋቸው። በየቀኑ በእግራቸው ማርቆስ ተሳልመው ይመለሳሉ። ሽንታቸው ደህና ነው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። አሁን እንደ ድሮው አላፍርም። ደም ካዩ፣ ሽንት ከያዛቸው ወይም አጥንታቸውን ሌሊት ካመማቸው ያን ቀን እኔ ራሴ ይዣቸው እሄዳለሁ። ያ ሕመምን መታከም ነው፤ ምንም ያልተሰማውን ሰው ከመመርመር ጋር አታምታታው።

አንተ ግን ሌላ ነህ። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ የታመመ ሰው ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከ45 ዓመቱ ወይም ከዚያም ቀድሞ ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር መነጋገር አለበት። አራት ዓመት አሳልፈሃል። ያውም ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በነጮች ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙው ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው እንደ አባትህ ካለቀ በኋላ ነው።

ሌሊት መነሣትህ ካንሰር ነው እያልሁህ አይደለም። አትደንግጥ። አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው በዕድሜ ሲያብጥ የሚመጣ ነው፤ ያ ካንሰር አይደለም፣ መድኃኒትም አለው። ስኳርም ሊሆን ይችላል። ስኳርህንም አብረህ ተለካ። እንዲያውም ይህ ካንሰር ሲጀምር ምንም ምልክት የለውም። ለዚህ ነው «ደህና ነኝ» ማለትህን የማልቀበልህ።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ ያዝ። ደም ከመስጠትህ በፊት ሁለት ቀን ከባለቤትህ ጋር አትተኛ። ከባድ ስፖርት አትሥራ፤ ብስክሌትም አትንዳ። ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለብህ መጀመሪያ ታከም፤ ስድስት ሳምንት ቆይተህ ተለካ። ምን ታደርገዋለህ፣ እናት እንዲህ ያለውን ለልጇ አትነግርም ይባላል። እኔ እነግርሃለሁ።

ውጤቱ ከ4 በላይ ቢሆን ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ከ4 እስከ 10 ካላቸው አራት ሰዎች ካንሰር የሚገኝበት አንዱ ገደማ ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይተህ ድገመው። አሁንም ከፍ ካለ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ኤምአርአይ የሚባለውን በማግኔት የሚነሣ ምስል ጠይቅ። በአባትህ ጊዜ ይህ አልነበረም፤ ያኔ ጨረር እንኳ በአገሩ ሁሉ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አንተ ያለህበት ዘመን ሌላ ነው። ተጠቀምበት።

ሐኪሙ ፊትም ዝም እንዳትል። ጋሼ ዝም ብለው ነው እንዲያ የሆኑት። «ካንሰሩ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው ወይስ ፈጣን? በክትትል መቆየት እችላለሁ ወይ? ከቆረጣችሁት ሽንቴስ?» በል። እንግሊዞች 1,643 ታማሚዎችን በሦስት ከፍለው የአንዱን ክፍል ዕጢ ቆረጡ፣ ሁለተኛውን በጨረር አከሙ፣ ሦስተኛውን ተከታተሉ። ከ15 ዓመት በኋላ በሦስቱም በዚህ ካንሰር የሞተው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜ አለህ። ማንም አያጣድፍህ። መታከም ካለብህ ደግሞ ታከም። ማንዴላ በ2001 እ.ኤ.አ. በ83 ዓመታቸው ይኸው ካንሰር ተገኝቶባቸው ሰባት ሳምንት ጨረር ወሰዱ። የሞቱት በ2013 ነው። በሽታውንም አልደበቁም፤ ዓለም ሁሉ ሰማ።

በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገውንም ምርመራ ሐኪሙ ካዘዘልህ አትሸሽ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ብቻህን ሰምተህ ብቻህን ይዘኸው እንዳትመጣ። ለእሷ ዝም እንዳትላት፤ እኔ ምን እንደከፈልሁ ነግሬሃለሁ።

ለአያ የላክኸውን ብር ነገ መልሼ አስገባልሃለሁ። በእሱ ተመርመርበት። ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ቢሮ ከመግባትህ በፊት። ማክሰኞ አትበለኝ። በሶና ትንሽ ሽሮ በዘመድ ልኬልሃለሁ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ እሑድ ይደርሳል። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። «ደህና ነው» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ቁጥሩን ራሴ ላንብበው።

ባለቤትህን «ጫማውን እይልኝ» ብያት ነበር። «ሊስትሮ ነው የሚጠርግለት፣ አላየሁም» አለችኝ። አንተ ራስህ እየው፣ የእኔ ጌታ። ዛሬ ማታ ስታወልቀው ጫፉን ወደ መብራቱ አዙረህ እየውና ደውልልኝ። አልተኛም፤ እጠብቅሃለሁ።

እናትህ
ደብረ ማርቆስ