ሥራ ለማግኘት ብር አትላኩ

ሰላም ውድ የደሴ ፍሪላንሰሮች፣

ትናንት ፒያሳ አንዲት እህታችን ስልኳን አሳየችኝ። ቴሌግራም ላይ «የትርጉም ሥራ አለ፣ ለመመዝገቢያ 1,500 ብር በቴሌብር ላኪ» ይላል። ላከች። «ደርሷል እህቴ» አላትና ወዲያው ብሎክ አደረጋት። አንጀቴን በላችኝ።

እባካችሁ፣ አሠሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። አፕወርክ (ፍሪላንሰርና አሠሪ የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ላይ ያገኛችሁት ሰው «ክፍያውን በቴሌግራም እንጨርስ» ካለ እሺ አትበሉ። ሥራው በቁርጥ ዋጋ ከሆነ፣ ገንዘቡ ኤስክሮ መግባቱን፣ ማለትም አፕወርክ ዘንድ በአደራ መቀመጡን ሳታዩ አንድ መስመር አትጻፉ። የባንክ ስክሪንሾት አይበቃም፤ በፎቶ ማስተካከያ በደቂቃ ይሠራል። የአፕወርክ አካውንታችሁን ለሌላ ሰው ማከራየትም ይቅር። ክልክል ነው፤ ሲዘጋም የሚበላሸው የእናንተ ስም ነው።

የተጠራጠራችሁትን መልእክት እዚሁ ግሩፕ ላይ ለጥፉት። ማታም ቢሆን አየዋለሁ።